የጂማችን ትንሹ ዲስክ 5 ኪሎ ነው፤ ታዲያ ክብደት ቀስ በቀስ እንዴት ይጨመራል?

ጀማሪው ከሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ጂም ከጀመርኩ 5 ወር ሊሆነኝ ነው። ክብደቴ 64 ኪሎ ነው፣ በሳምንት 3 ቀን እሠራለሁ። ቤንች (ወንበር ላይ በጀርባ ተኝቶ ባር መግፋት) ላይ ባሩን ጨምሮ በ50 ኪሎ 4 ዙር እሠራለሁ፤ 8፣ 8፣ 7፣ 6 እያለ ይወርዳል። 60 ስጭን ግን ሁለቴ ገፍቼ ሦስተኛው ላይ መቀመጫዬ ከወንበሩ ይነሳል፣ ሰው ካላገዘኝም አይወጣም። ጂማችን ውስጥ ያለው ትንሹ ዲስክ 5 ኪሎ ነው፤ በሁለቱም ጎን ሲገባ በአንዴ 10 ኪሎ ይዘላል። ትከሻ (ባሩን ከጭንቅላት በላይ መግፋት) ላይ ደግሞ ይብሳል፤ 30 ይቀለኛል፣ 40 ከግንባሬ አያልፍም። 5 ሳምንት ሙሉ እዚያው ነኝ። አሰልጣኙ «ዝም ብለህ ጫን፣ ሰውነትህ ይለምዳል» ይለኛል። እውነቱን ነው? በዙሮች መካከል የማርፈው 1 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ወረፋ ስላለ። ጾም ሲገባስ ምን ላድርግ?

ባለደብተሩ

ግማሹ ልክ ነው። ሰውነት ይለምዳል፤ የሚለምደው ግን ከአቅሙ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነገር ደጋግሞ ሲጠየቅ ነው። ከ50 ወደ 60 መሄድ 20 በመቶ መጨመር ነው። ትከሻ ላይ ከ30 ወደ 40 ስትል 33 በመቶ ይሆናል። 100 ኪሎ ስኳት (ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ለሚሠራ ሰው ግን እነዚያው ሁለት ዲስኮች 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ኪሎው አንድ ቢሆንም እግር ላይ ደረጃ፣ ትከሻ ላይ ግድግዳ ይሆናል።

ዲስኩ ማነስ ካልቻለ ድግግሞሹ ይጨምር። እስከ ስንት የሚለው በሒሳብ ይገኛል። ኤፕሊ በሚባለው ቀመር የድግግሞሹን ቁጥር ለ30 ታካፍላለህ፣ 1 ትደምርበታለህ፣ ውጤቱን በኪሎው ታባዛለህ። የሚወጣው አንዴ ብቻ ልትገፋው የምትችለው ኪሎ ግምት ነው። ያንተ 50 ኪሎ 8 ጊዜ 63 ገደማ ይሰጣል። 60ን 2 ጊዜ መግፋት 64 አቅም ይጠይቃል፣ 3 ጊዜ ደግሞ 66። ሦስተኛው ላይ መቆምህ ከወኔ ማነስ አይደለም፣ ቁጥሩ ስላልደረሰ ነው።

አሁን ወደ ኋላ አስላው። 60ን በወጉ 5 ጊዜ ለመግፋት 70 አቅም ያስፈልጋል። 50ን ስንት ጊዜ ስትገፋ ነው 70 የሚሞላው? 12 ጊዜ። ስለዚህ 50 ላይ 12 እስክትደርስ 60ን አትንካው።

ከ4 ዙር ወደ 3 ውረድ። በየቀኑ ከሦስቱ ዙሮች በአንዱ ላይ አንዲት ድግግሞሽ ብቻ ለመጨመር ሞክር፤ 8፣ 8፣ 7 ከነበረ 8፣ 8፣ 8፣ ቀጥሎ 9፣ 8፣ 8 እያልክ። አንዳንድ ቀን ምንም አይጨመርም፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ይመጣል። የመጀመሪያው ዙር 12፣ የመጨረሻው ቢያንስ 10 ሲሆን 60 ጫን፤ ሦስቱንም ዙር ግን አይደለም። የመጀመሪያውን ዙር 60ን 5 ጊዜ ትገፋና ዲስኩን አውርደህ ሁለቱን ዙር በ50 ትጨርሳለህ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይተህ ሁለተኛውን ዙር ወደ 60 ታሳድጋለህ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ 60 አንዴ ከወጣለት በኋላ ወደ 50 መመለስ ውርደት ይመስለዋል።

ዕረፍቱን አስተካክል። በ1 ደቂቃ ዕረፍት 8፣ 8፣ 7፣ 6 እያለ መውረዱ የጉልበት ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ጡንቻው ገና ሳይሞላ ስለምትመለስ ነው። ቤንች፣ ስኳትና ዴድሊፍት (ባርን ከመሬት ማንሳት) ላይ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል። ወረፋ ካለ ወንበሩን ከአንድ ሰው ጋር ተጋሩት፤ እሱ ሠርቶ ዲስክ ለውጣችሁ ተራህ እስኪደርስ 3 ደቂቃው ራሱ ይሞላል። ዕረፍቱን ስታረዝም ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሁለት ሦስት ድግግሞሽ ታገኛለህ። ያ አዲስ ጉልበት ስላልሆነ መቁጠሪያህን ከዚያ ቀን ጀምር።

ደብተር ያዝ። ቀን፣ ኪሎ፣ የየዙሩ ድግግሞሽ፣ ዕረፍት፣ በመጨረሻም «ስንት ይቀረኝ ነበር» የሚል አንድ ቁጥር ጻፍ። አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ሲቀርህ ነው ማቆም ያለብህ። በየዙሩ ተንጠፍጥፎ መጨረስ ለቀጣዩ ቀን ዕዳ ይተዋል።

ማሟሟቂያውንም አትዝለለው፤ ባዶ ባር 10 ጊዜ፣ 30 ኪሎ 5 ጊዜ፣ 40 ኪሎ 3 ጊዜ፣ ከዚያ ዋናው። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ቶማስ ዴሎርም በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጎዱ ወታደሮችን ጉልበት ሲመልስ፣ ሰውየው 10 ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚችለውን ኪሎ ፈልጎ መጀመሪያ በግማሹ፣ ቀጥሎ በሦስት አራተኛው፣ በመጨረሻ በሙሉው 10፣ 10 ጊዜ ያሠራ ነበር። ያ ኪሎ ሲቀል ይጨምርበታል። ዛሬ የምንሠራው ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ሚዛን ይፍረደው

ባለደብተሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ «50 ኪሎ» የሚለው ራሱ እውነት ከሆነ። ባሩን መዝነኸዋል? ደረጃውን የጠበቀው የወንዶች ባር 2.2 ሜትር ርዝመትና 20 ኪሎ ክብደት አለው፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው። ብዙ ሰፈር ጂም ውስጥ ያለው ቀጭኑ ባር ግን ከ10 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል። የሰው ሚዛን ላይ ባሩን ይዘህ ቁም፣ ከዚያ ለብቻህ ተመዘን፣ ልዩነቱ የባሩ ክብደት ነው።

ዲስኮቹንም አንድ በአንድ መዝን። በፓውንድ የተጻፈባቸው ዲስኮች ከኪሎዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ 10 ፓውንድ 4.5 ኪሎ ነው፣ 25 ፓውንድ 11.3፣ 45 ፓውንድ 20.4። በአንድ ጎን 10 ኪሎ፣ በሌላው 25 ፓውንድ ጭነህ «ግራ እጄ ደካማ ነው» የሚል ሰው በየጂሙ አይጠፋም። አገር ውስጥ የተቀረጹትም ከተጻፈባቸው ይለያያሉ። በቾክ እውነተኛውን ክብደት ጻፍባቸው።

አሁን ወደ ጭማሪው። ለትከሻ የባለደብተሩ ሒሳብ አይሠራም። 40ን 5 ጊዜ ለመግፋት 30ን 17 ጊዜ መግፋት አለብህ ይላል፤ ከ12 በላይ ሲሆን ደግሞ ቀመሩ ራሱ ይዋሻል፣ ምክንያቱም እዚያ የሚለካው ጉልበት ሳይሆን ትንፋሽና ጽናት ነው። ለትከሻ ትንሽ ዲስክ ግድ ነው። ከሌለ ይሠራል።

ቶርኖ ቤት ሂድና 10 ሚሊ ውፍረት ካለው ላሜራ በክብ የተቆረጠ፣ ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር፣ የመካከል ቀዳዳው 5.1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ዲስክ አስወጣ። እያንዳንዱ 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባርህ ቀጭኑ ከሆነና ቀዳዳው 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1.3 ይጠጋል። ከመሄድህ በፊት የባሩን ጫፍ ውፍረት ለካ፤ ቀዳዳው ከዚያ በአንድ ሁለት ሚሊ ብቻ ይብለጥ፣ ሰፊ ከሆነ ዲስኩ ይንገዋለላል። በእነዚህ ሁለት ቁራጮች ጭማሪህ ከ10 ወደ 2.4 ኪሎ ይወርዳል። ትከሻ ላይ 30 ወደ 32.4 ማለት 8 በመቶ ነው፣ ይሄዳል።

ገንዘብ ካነሰ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተህ በሁለቱም ጎን እሰር፤ በየጎኑ ግማሽ ኪሎ፣ በድምሩ 1 ኪሎ ማለት ነው። ውሃው በደረቅ አሸዋ ቢተካ እያንዳንዱ 0.8 ኪሎ አካባቢ ይሆናል።

ፊዚዮ ነኝ

ጠርሙሱን አታንጠልጥሉ እባካችሁ። በገመድ የተንጠለጠለ ነገር ባሩ ሲወርድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ትከሻ ከጭንቅላት በላይ ስትገፋ ግማሽ ኪሎ እንኳ ቢሆን መስመሩን ያዛባል። አሸዋው ይሻላል፣ በጠርሙስ ግን አይደለም። ከአሮጌ ጂንስ እግር ላይ ቁራጭ ወስዳችሁ እንደ መቀነት ጠባብና ረዥም ከረጢት ስፉ፣ 1.25 ኪሎ ደረቅ አሸዋ (8 ዴሲ ሊትር ያህል) ሙሉበት፣ የባሩ ጫፍ ላይ አጥብቃችሁ ጠምጥማችሁ እሰሩት። ለቁርጭምጭሚት የሚሸጠው ባለ ማጣበቂያ ክብደትም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቅደም ተከተሉ ዲስክ፣ ከረጢት፣ ከዚያ መቆለፊያ (ዲስኩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው) ነው።

መቆለፊያ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ብቻህን ቤንች የምትሠራ ከሆነና ግራና ቀኝ የሚይዝ የደህንነት ብረት ከሌለ ባሩን አትቆልፈው። ደረትህ ላይ ከቀረ ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ዲስኩን ታንሸራትተዋለህ። በተቆለፈ ባር ሥር ብቻውን የቀረ ሰው መውጣት በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ ከረጢቱን ለትከሻ፣ የቶርኖውን ዲስክ ለቤንች ማድረግ ይሻላል። አውራ ጣትህም ባሩን ይዙር፤ በሌሎቹ ጣቶች በኩል ከተቀመጠ ባሩ ከመዳፍ ይንሸራተታል።

መቀመጫ ይነሳል ስላልከው፦ ያ ድግግሞሽ አይቆጠርም። መቀመጫው ሲነሳ ደረት ከፍ ይላል፣ ባሩ የሚሄደው መንገድ ያጥራል፣ ሸክሙም ወደ ወገብ ይዞራል። ደብተርህ ላይ «60 በ3» ብለህ ከጻፍከው በሚቀጥለው ሳምንት ከሌለ ቁጥር ጋር ነው የምትወዳደረው። እግርህ መሬቱን ይርገጥ፣ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ ተጠጋግተው ወንበሩ ላይ ይጣበቁ፣ ክርንህ ከጎንህ 45 እስከ 70 ዲግሪ ይራቅ፣ ባሩ የታችኛውን ደረት ይንካ። ክርን 90 ዲግሪ ተዘርግቶ ባሩ ወደ አንገት ሲወርድ የትከሻ ፊት ይቆጣል። ብዙዎች «ቤንች ትከሻዬን አበላሸው» የሚሉት ከዚህ የተነሳ ነው።

ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። መጀመሪያ ወራት ላይ የምታየው ፈጣን ጭማሪ ደግሞ በአብዛኛው ነርቭህ ያለህን ጡንቻ መጠቀም ስለተማረ ነው። ስለዚህ «ጡንቻዬ ችሏል» ማለት «ክርኔ ችሏል» ማለት አይደለም። ከሥራ በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን የሚቆይ፣ ጡንቻው ላይ የተሰራጨ ሕመም የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ በአንዲት ነጥብ የሚወጋ፣ ሌሊት የሚያነቃ ወይም 2 ሳምንት ያለፈው ሕመም ግን ይታይ። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሂድ፤ የተበላሸ ጡንቻ ኩላሊትን ይጎዳል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ ብዙ ጂም ውስጥ ትንሹ ዲስክ 2.5 ፓውንድ ነው፣ 1.13 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ዝቅተኛው ጭማሪ በድምሩ 2.27 ኪሎ ይሆናል። ከዚያም ያነሱ፣ ሩብ ኪሎና ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ ዲስኮች ለብቻቸው ይሸጣሉ። የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግማሽና 1 ኪሎውን ጥንድ ጥንድ አስመጡ፤ በድምሩ 3 ኪሎ ነው፣ ከሻንጣ አይከብድም። ስትገዙ ግን ቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ነው ወይስ ለቀጭኑ ባር የሚሆነውን የሚለውን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ተመልሶ የሚሄድ ዕቃ ይሆናል።

ሽሮና ብረት

የጾሙን ጥያቄ ማንም አልነካውም። በአጭሩ፦ በዓቢይ ጾም 55 ቀን ኪሎውን አትቀንስ፣ ዙሩን ቀንስ። ያገኙትን ጉልበት ማቆየት ከማግኘቱ በጣም ይቀላል። ዲስኩ በቦታው እስከቆየ ድረስ ከሥራው ግማሽ ያህል ብትሠራም ጉልበቱ አይጠፋም። ተቃራኒው ነው የሚጎዳው፤ ብዙዎች ጾም ሲገባ ኪሎውን አቅልለው ድግግሞሹን ያበዛሉ፣ ከዚያ ለፋሲካ ሲመለሱ 50 ኪሎ እንግዳ ይሆንባቸዋል። 3 ዙር ትሠራ ከነበር 2፣ 3 ቀን ከነበር 2 ቀን ይበቃል። አዲስ ኪሎ መሞከር ለጊዜው ይቅር።

እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ 11 ሰዓት ላይ ሥራ። ምግቡ እስኪረጋ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጠብቅ ይሻላል፤ በባዶ ሆድ ከባድ ስኳት ራስን ያዞራል። በረመዳን የሚጾሙ ወንድሞችና እህቶች ከባዱን ቀን ከኢፍጣር አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት በኋላ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፤ ከኢፍጣር በፊት ከሆነ ቀላልና አጭር፣ ምክንያቱም ውሃ የለም።

ፕሮቲን፦ ለሰውነት ክብደት በኪሎ 1.6 ግራም ያህል አስብ፤ ላንተ 102 ግራም ነው። በጾም ከባድ ይመስላል፣ ግን ቁጠረው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ አለው፣ 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 12፣ 50 ግራም ለውዝ 13፣ 60 ግራም አኩሪ አተር 21፣ በእንጀራ የሚገባው 200 ግራም የጤፍ ዱቄት 25። ተደምሮ 95 ነው። ጉድለቱን አንድ ጭልፋ ባቄላ ይሞላዋል። እንጀራውን አብዝቶ ወጡን የሚቀባባ ሰው ግን ግማሹንም አያገኝም።

ጀማሪው ከሐዋሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ባሩን መዘንኩት፤ 20 ሳይሆን 17 ኪሎ ሆኖ ተገኘ፣ ማለትም 50 የምለው 47 ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ስኳት ላይ 80 (ማለቴ 77) ነኝ፣ እዚያም 12 እስክደርስ ልጠብቅ? ሌላው፣ ድግግሞሹ ራሱ መጨመር ሲያቆምስ?

ባለደብተሩ

ባሩ ካልተቀየረ ደብተሩ ላይ 47 ብለህ ቀጥል፣ ምንም አልጠፋም። ቀጣዩ 57 ይሆናል፣ ሒሳቡም አንድ ድግግሞሽ እንኳ አይዛነፍም።

ስኳት ላይ 12 አያስፈልግም። ከ77 ወደ 87 ስትሄድ 87ን 5 ጊዜ ለመሥራት 101 ተኩል ገደማ አቅም ያስፈልጋል፤ 77ን 10 ጊዜ ስትሠራ ትደርሳለህ። እያደግህ ስትሄድ የሚያስፈልገው ድግግሞሽ እያነሰ ይመጣል። ጥልቀቱን ብቻ አትለውጥ። ኪሎ ሲጨመር ስኳት እያጠረ የሚሄድበት ሰው ያደገው ዲስኩ እንጂ እግሩ አይደለም። ጭንህ ከወለሉ ጋር እስኪስተካከል ውረድ፣ ተረከዝህ አይነሳ፣ ጉልበትህ ወደ ውስጥ አይግባ። ከእነዚህ አንዱ ከተበላሸ ዙሩ እዚያ ያበቃል፣ የተሠራው ብቻ ይጻፋል።

ሲቆምስ? አንድ ቀን መቅረት ምንም አይደለም። ሁለት ቀን በተከታታይ ካልጨመረ እንቅልፍህን፣ ምግብህንና ዕረፍትህን ተመልከት፤ አብዛኛው ጊዜ ሰበቡ እዚያ ነው። ሦስተኛው ላይም ከቆመ አንድ ሳምንት ያው ኪሎ ላይ ሆነህ ዙሩን በግማሽ ቀንስ፣ ከዚያ ካቆምክበት ሁለት ድግግሞሽ ዝቅ ብለህ ጀምር። ለምሳሌ 10 ላይ ከቆምክ ከ8። በሁለት ሳምንት ውስጥ 11 ላይ ልትገኝ ትችላለህ። ባይቆምም እንኳ ይህን ዙር የሚቀነስበትን ሳምንት በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ማስገባት አይከፋም።

ሌላ መላ፦ ዲስክ ሳትጨምር ባሩን በ3 ሰከንድ አውርደህ ደረትህ ላይ 1 ሰከንድ አቁመው። ያው 47 ይከብዳል። ግን ይህን ስትጀምር ደብተር ላይ «በዝግታ» ብለህ ለይተህ ጻፈው፤ ፈጣኑንና ዝግተኛውን ብትቀላቅል ቁጥሩ የወረደ ይመስልህና ያለ ምክንያት ተስፋ ትቆርጣለህ።

ሚዛን ይፍረደው

ቶርኖ ቤት ስትሄድ የዲስኩን ጠርዝና የቀዳዳውን ከንፈር በሞላ እንዲያለሰልሱልህ ንገራቸው። የተቆረጠ ላሜራ እንደ ምላጭ ነው፣ ዲስክ ሲለወጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚገባው ጣት ነው።